ሞርሳ ላይ ስኳድራ አልወጣ ያለ ብረት

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ ከቴክኒክና ሙያ ተመርቄ አንድ ወርክሾፕ ውስጥ ሥራ ከጀመርኩ ሰባት ወር ሆነኝ። በቅርቡ ለሲኦሲ (የሙያ ብቃት ማረጋገጫ) ምዘና እቀርባለሁ። መለማመጃ እንዲሆነኝ በመጋዝ የተቆረጠ ተራ ብረት ይዤ፣ በቨርቲካል ሚሊንግ ማሽን (መቁረጫው ቀጥ ብሎ ቆሞ በሚዞርበት) 60 በ50 በ100 ሚሊሜትር ላወጣው እየሞከርኩ ነው። ልኩ ይመጣልኛል። ስኳድራ (ትክክለኛ ዘጠና ዲግሪ) ግን አይወጣም፤ የማዕዘን መለኪያውን ስኳድራ ሳስጠጋበት በመካከል ብርሃን ያሳያል። ብረቱን የሚይዘውን ሞርሳ ካጠበቅኩ በኋላ ከብረቱ ሥር ያለው ፓራለል (እኩል ቁመት ካላቸው ሁለት መደገፊያዎች አንዱ) በጣቴ ስነካው ይንሸራተታል። ብረቱን በመዶሻ ብመታውም ያው ነው። አለቃዬ ሞርሳው አርጅቷል፣ አዲስ መገዛት አለበት ይላል። እውነት ሞርሳው ነው ወይስ እኔ ነኝ?»

መልስ፦ እህቴ፣ ሞርሳውን ለመጣል አትቸኩሉ። ያንቺም እጅ ችግር የለበትም፤ ልክ የሚያመጣ እጅ ስኳድራም ያመጣል። ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በሞርሳው መንጋጋና በብረቱ መካከል ስለምትገባ ክብ ዘንግ ምንም አላነሳሽም። የትኛውን ፊት የትኛው መንጋጋ ላይ እንዳስደገፍሽም አልነገርሽኝም። ጥርጣሬዬ የጀመረው ከዚያ ነው።

መጀመሪያ ሞርሳው ራሱ ምን እንደሚሠራ እንነጋገር። ሞርሳ ውስጥ ብረትሽን የሚነኩ ሦስት ፊቶች አሉ፦ ቋሚው መንጋጋ፣ ተንቀሳቃሹ መንጋጋ እና ወለሉ። ብዙ ጀማሪ ሦስቱንም እኩል ያምናል። ስህተቱ እዚህ ጋ ነው። ቋሚው መንጋጋ ከሞርሳው አካል ጋር አንድ ሆኖ የታሰረ ነው፣ አይነቃነቅም። ዳኛሽ እሱ ነው። ተንቀሳቃሹ ደግሞ ሥራው መግፋት ብቻ ነው። እንዲንሸራተት ተብሎ የተሠራ ነገር ስለሆነ የግድ ትንሽ ክፍተት አለው። ክፍተት ያለው ነገር ደግሞ ያዘነብላል።

ሞርሳውን ስታጠብቂ የሚሆነውን በዓይነ ሕሊናሽ እዪው። የሞርሳው ቪቴ (ስታጠብቂ የሚዞረው ረጅም ብሎን) ከታች ነው የሚገፋው። ብረትሽ ግን የሚቋቋመው ከላይ ነው፣ መንጋጋው ጫፍ አካባቢ። ከታች እየተገፋ ከላይ የሚከለከል ነገር ምን ይሆናል? ይነሳል። የተንቀሳቃሹ መንጋጋ የፊት ክፍል ወደ ላይ ብድግ ይላል፣ የያዘውን የብረት ጎንም ይዞ ይነሳል። ጥቂት መቶኛ ሚሊሜትር ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ፓራለሉን ለመልቀቅ ግን ይበቃል። በጣትሽ የሚንሸራተተው ፓራለል በተንቀሳቃሹ በኩል ያለው መሆኑን ሳላይ መገመት እችላለሁ። ነገ ስትሠሪ አረጋግጪልኝ።

ይህን መነሳት የሚቀንሱ ሞርሳዎች አሉ። የአሜሪካው ኩርት ኩባንያ አንግሎክ ብሎ የሚሠራቸው ለምሳሌ፣ መንጋጋው ውስጥ ያዘመመ ፊት አላቸው። ቪቴው ሲገፋ መንጋጋው ወደፊት ብቻ ሳይሆን ወደታችም ይሳባል። ጥሩ ዕቃ ነው። ተራ ሞርሳ ይዞ ግን ስኳድራ ማውጣት አይቻልም ማለት አይደለም። እኔ ለብዙ ዓመት የሠራሁት በተራው ነው። በነገራችን ላይ፣ ሞርሳ፣ ስኳድራ፣ ቶርኖ፣ ብሎን፣ ዳዶ ሁሉም ከጣልያንኛ የመጡ ቃላት ናቸው። ስማቸውን ሳንለውጥ ተቀብለናቸዋል፤ ሙያውን ግን እያንዳንዱ ትውልድ እንደገና መማር አለበት።

አሁን ወደ ዘንጓ። በመጋዝ የተቆረጠ ብረት ሁለት ጎኖቹ እኩል አይሄዱም። አንዱ ጫፍ ከሌላው አንድ ሚሊሜትር ሊወፍር ይችላል። በማሽኑ ጥሩ አድርገሽ የጠረግሽውን (ቆርጠሽ ጠፍጣፋ ያደረግሽውን) ፊት ቋሚው መንጋጋ ላይ አስደግፈሽ፣ ጥሬውን ጎን በቀጥታ በተንቀሳቃሹ መንጋጋ ስትገፊው፣ ጠፍጣፋው መንጋጋ ከጠማማው ጎን ጋር ለመግጠም ይታገላል። ያሸንፋልም። ብረቱ ይዞርና ጥሩው ፊት ከቋሚው መንጋጋ ይላቀቃል። አንዱ ጠርዝ ብቻ ይነካል። ከዚያ በኋላ ማሽኑ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን የምትጠርጊው ፊት ዘጠና ዲግሪ አይሆንም።

መድኃኒቷ አንዲት ክብ ዘንግ ናት። ከ8 እስከ 12 ሚሊሜትር ውፍረት ያላት፣ የአሉሚኒየም፣ የመዳብ ወይም የነሐስ ብትሆን ይመረጣል። በተንቀሳቃሹ መንጋጋና በጥሬው ጎን መካከል አግድም ታስገቢያታለሽ። ዘንጓ ብረቱን በአንዲት መስመር ብቻ ነው የምትነካው። በአንድ መስመር የሚገፋ ነገር ብረቱን ማዞር አይችልም። ወደ ቋሚው መንጋጋ ይጫነዋል እንጂ። ብረቱም ሙሉ ፊቱን ዳኛው ላይ ያሳርፋል። የዘንጓ ከፍታ ግን ወሳኝ ነው። ቋሚው መንጋጋ የያዘው ቁመት 40 ሚሊሜትር ከሆነ ዘንጓ 20 ላይ ትሁን፣ መሐሉ ላይ። ወደ ላይ ከተጠጋች የብረቱ ታች ይላቀቃል፣ ወደ ታች ከወረደች ላዩ ይላቀቃል። ዘንጓ እየወደቀች ካስቸገረችሽ ጥቂት ግራሶ ቀቢባት፣ እስክታጠብቂ ድረስ ተጣብቃ ትቆይልሻለች።

አሁን ቅደም ተከተሉን በራስሽ ብረት ላይ እንሂድበት። ከመጀመርሽ በፊት ስድስቱን ፊቶች በማርከር ቁጥር ስጫቸው። እንደ ትንሽ ነገር አትዪው። ብረቱን አራት ጊዜ ከገለበጥሽው በኋላ የትኛው የትኛው እንደሆነ ይጠፋሻል።

አንደኛው ፊት ከሰፊዎቹ አንዱ ይሁን፣ 60 በ100 የሚሆነው። ወደ ላይ አድርጊው። ሁለቱም ጎን ገና ጥሬ ስለሆነ የተሻለውን ወደ ቋሚው መንጋጋ አድርጊ፣ በሌላው በኩል ዘንጓን አስገቢ። ጥረጊው። እዚህ ላይ ስለ ስኳድራ አትጨነቂ፤ የምትፈልጊው አንድ ጠፍጣፋ ፊት ብቻ ነው። ብረቱ በትኩሱ የተዳመጠ ከሆነ ጥቁር ቅርፊት ይኖረዋል። የመጀመሪያው ጠረጋ ከቅርፊቱ በታች ይግባ፤ ላይ ላዩን ከፋቀ ቅርፊቱ መቁረጫሽን ይበላዋል።

አሁን የተጠረገውን አንደኛ ፊት ቋሚው መንጋጋ ላይ አስደግፊው። ዘንጓ በተንቀሳቃሹ በኩል ትሁን። ወደ ላይ የሚወጣው ሁለተኛው ፊት ነው፣ 50 በ100 የሚሆነው። ስኳድራ የሚወለደው እዚህ ነው። ከጠረግሽ በኋላ አውጥተሽ ለኪው፤ እዚህ ላይ ካልሆነ ወደፊት አትሂዲ። ብዙ ሰው አራቱንም ጨርሶ ነው የሚለካው። ያኔ ስህተቱ ከየት እንደመጣ ማወቅ ይቸግራል።

ሦስተኛው የሁለተኛው ተቃራኒ ነው። አንደኛው ፊት እንደገና ቋሚው መንጋጋ ላይ ይደገፍ፣ ሁለተኛው ወደ ታች ፓራለሎቹ ላይ ይረፍ። ከተንቀሳቃሹ ጋር የሚገናኘው አራተኛው ፊት ገና ጥሬ ስለሆነ ዘንጓ አሁንም ቦታዋ ላይ ናት። ቁመቱን 60 ላይ አምጪው። በመጨረሻ አራተኛው፦ አንደኛውን ፊት ወደ ታች ፓራለሎቹ ላይ፣ ሁለተኛውን ወደ ቋሚው መንጋጋ፣ ሦስተኛውን ወደ ተንቀሳቃሹ። አሁን ሁለቱም ጎን ተጠርጓል፣ እኩልም ይሄዳል። ዘንጓን አውጫት፣ ሥራዋን ጨርሳለች። 50 ላይ አምጪው።

መዶሻውን በተመለከተ፣ «ብመታውም ያው ነው» ያልሽው አሳስቦኛል። ምን ዓይነት መዶሻ ነው? የላስቲክ ከሆነ ይነጥራል፣ ብረቱንም አብሮ ያነጥረዋል። የመዳብ፣ የእርሳስ ወይም ውስጡ ሞልቶ የማይነጥር የፕላስቲክ መዶሻ ፈልጊ። አጥብቂ፣ ከዚያ አንድ ጊዜ ቆፍጠን ያለ ምት ምቺ። ፓራለሎቹን ንኪ። ካልተያዙ ድገሚ። አንዴ ከተያዙ በኋላ ግን እጀታውን እንደገና አትንኪው! ብዙ ልጆች መትተው ፓራለሉ ሲያዝላቸው «ለጥንቃቄ» ብለው ትንሽ ይጨምራሉ። ያቺ ትንሽ ጭማሪ መንጋጋውን እንደገና ታነሳዋለች። በእጀታው ላይ ቱቦ ሰክቶ ማጥበቅም ያው ነው። ቋሚው መንጋጋ ራሱ ወደ ኋላ ይለጠጣል፣ ዳኛሽን ታጣሚዋለሽ።

አንድ ነገር ግን ልብ በዪ። በሁለተኛው ፊት ጊዜ ከሥር ያለው ጎን ገና ጥሬ ነው። ስለዚህ ሁለቱም ፓራለል እንዲያዝ አትጠብቂ፤ እንዲያውም ሁለቱንም ለመያዝ ብለሽ ከመታሽው ጥሩውን ፊት ከዳኛው ታላቅቂዋለሽ። እዚያ ላይ ፓራለሉ የሚያገለግለው ብረቱን ከፍ ለማድረግ ብቻ ነው። ሁለቱም መያዝ ያለባቸው ከሦስተኛው ጀምሮ ነው። ምናልባት አንቺን ያስቸገረሽ ይኸው ይሆናል፤ በማይገባው ቦታ ላይ ፓራለል ለመያዝ ስትታገዪ ስኳድራው ይሄዳል።

ስለ ንጽሕናም አንድ የራሴን ላውራሽ። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት አንድ የፕላስቲክ ሞልድ (ፕላስቲክ የሚቀረጽበት ባለ ሁለት ግማሽ ቅርጽ) ብሎክ ተሰጥቶኝ ነበር። ሦስት ቀን የፈጀ ሥራ። በመጨረሻው እስር ላይ አንዲት የብረት ፍርፋሪ በብሎኩና በቋሚው መንጋጋ መካከል ቀረች። አላየኋትም። ሁለቱ ግማሾች ሲገጠሙ በአንድ በኩል ክፍተት ወጣ፣ ብሎኩም ተጣለ። በጣም አዘንኩ። ሒሳቡን ዛሬ ላንቺ ልሥራልሽ፦ 45 ሚሊሜትር ከፍታ ያለው መንጋጋ አንድ ጠርዝ ላይ 0.1 ሚሊሜትር የምታህል ፍርፋሪ ብትቀር፣ በ60 ሚሊሜትር ቁመት ላይ ከ0.13 በላይ ጥመት ትሰጥሻለች። በዓይን ለማየት የምታስቸግር ነገር ናት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ብረት ከማሰሬ በፊት መንጋጋውንና ወለሉን በብሩሽ፣ ቀጥሎ በጨርቅ፣ በመጨረሻ በባዶ መዳፌ እዳስሳለሁ። ማሽኑ ቆሞ እንደሆነ ግልጽ ነው። ዓይን ያላየውን መዳፍ ያገኘዋል። በኮምፕሬሰር አየር አትንፊው፤ ፍርፋሪውን ወደ ማሽኑ መንሸራተቻና ወደ ዓይንሽ ነው የሚልከው።

ከጠረግሽ በኋላ ጠርዙ ላይ የሚቀረው ሹል ነገርም እንደ ፍርፋሪው ነው። በእያንዳንዱ ግልበጣ መካከል በደቃቅ ሞረድ ሁለት ሦስት ጊዜ አስኪጂው። ጠርዙን ብቻ፣ ፊቱን ሳትነኪ።

ይህን ሁሉ አድርገሽ ሁለተኛው ፊት አሁንም ብርሃን ካሳየ ቀጥሎ የምትጠይቂው ስኳድራሽን ነው። ስንት ጊዜ ወድቋል? መፈተኛው ቀላል ነው። ቀጥ ያለ ጠርዝ ያለው ጠፍጣፋ ነገር ላይ አስደግፈሽ በሹል ነገር አንድ መስመር አስምሪ። ስኳድራውን ገልብጠሽ ከዚያው ነጥብ ሌላ መስመር አስምሪ። ሁለቱ ከተደራረቡ ደህና ነው። ከተለያዩ፣ በመካከላቸው ያለው ልዩነት የስኳድራው ስህተት ሁለት እጥፍ ነው። ደግሞ ብርሃን ስላየሽ ብቻ አትደንግጪ። ከ0.01 ሚሊሜትር ያነሰ ክፍተት እንኳ ብርሃን ያሳልፋል። በፊለር ጌጅ (ውፍረታቸው የታወቀ ስስ የብረት ቅጠሎች ባሉት መለኪያ) ለኪው። የ0.05 ቅጠል የማይገባ ከሆነ በ60 ሚሊሜትር ላይ ያለሽ ስህተት ከ0.05 በታች ነው፤ በማዕዘን ሲታሰብ ከ3 የማዕዘን ደቂቃ (የዲግሪ ስልሳኛ) ያነሰ ማለት ነው። ለብዙ ሥራ ያ በቂ ነው። ስዕሉ የሚጠይቀውን እዪና ፍረጂ።

ስኳድራው ደህና ሆኖ ስህተቱ ትልቅ ከሆነስ? እዚህ ላይ ሰው ሁሉ ወደ ሞርሳው ይጠቁማል። የማሽኑን ራስ፣ መቁረጫውን የሚይዘውን የላይኛ ክፍል፣ የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው። ማሽንሽ የሚዞርና የሚያዘነብል ራስ ካለው፣ ራሱ ወደፊት ወይም ወደኋላ ትንሽ አዘንብሎ ሊሆን ይችላል። ሰፊ መቁረጫ ይዘሽ፣ ጠረጴዛውን ወደ ግራና ቀኝ እየሄድሽ፣ ፊቱን በአንድ ምልልስ ስትጠርጊ፣ ያ ማዘንበል እንዳለ ወደ ብረትሽ ይተላለፋል። ፊቱ ጠፍጣፋ ይመስላል፣ ግን ከፊት ወደ ኋላ ያዘመመ ነው። ሞርሳው ንጹሕ ሆኖ ሳለ ስኳድራ የማይወጣበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ለመለየት ሁለተኛውን ፊት ጠርገሽ እንደጨረስሽ ሞርሳውን ሳትፈቺ ማሽኑን አጥፊ። ዳያል ኢንዲኬተር (ጥቃቅን ልዩነት በመርፌ የሚያሳይ መለኪያ) ከማሽኑ ራስ ጋር እሰሪ፣ ጫፉን የጠረግሽው ፊት ላይ አሳርፊ። ጠረጴዛውን ወደ አንቺና ካንቺ ብቻ አንቀሳቅሺ። መርፌው ባለበት ከቆየ የማሽኑ ራስ ደህና ነው፣ ችግሩ ከአያያዙ ወይም ከመንጋጋው ነው። መርፌው በአንድ አቅጣጫ እየጨመረ ከሄደ ሞርሳውን ተዪው፣ የማሽኑን ራስ አስተካክሉ። ይህ ፈተና አምስት ደቂቃ አይፈጅም፣ አዲስ ሞርሳ ከመግዛት ግን ያድናል።

የማሽኑ ራስ ደህና ከሆነ ቋሚውን መንጋጋ ፈትሺ። መንጋጋው ፊት ላይ ጥርስ የወጣ ጠባሳ ካለበት መጀመሪያ በደቃቅ የዘይት ድንጋይ አስተካክዪው። ብሎኖቹን ፈትተሽ ከመንጋጋው ሳህን ጀርባ ያለውን አጽጂ፤ ለዓመታት የተከማቸ ፍርፋሪ እዚያ ይገኛል። መልሰሽ እሰሪና ኢንዲኬተሩን ፊቱ ላይ አሳርፈሽ ጠረጴዛውን ወደ ላይና ወደ ታች ውሰጂ። በመንጋጋው ከፍታ ሙሉ 0.02 እንኳ የማይሞላ ልዩነት ካነበብሽ፣ አለቃሽ ገንዘቡን ለሌላ ነገር ያውለው።

ልዩነቱ ከዚያ ከበለጠና መንጋጋውን ግራይንድ የሚያደርግልሽ (በመፍጫ ድንጋይ የሚያስተካክልልሽ) ካጣሽ፣ ስፔሶር (በመካከል የሚገባ ስስ ማካካሻ) መጠቀም ይቻላል። አቅጣጫውን እንዳትሳሳቺ። የስኳድራውን ወፍራም ክንድ አንደኛው ፊት ላይ፣ ቀጭኑን ሁለተኛው ፊት ላይ አድርገሽ ተመልከቺ። ብርሃኑ ከማዕዘኑ ርቆ በጫፉ በኩል ከታየ፣ ማዕዘኑ ከዘጠና ያነሰ ነው። የመንጋጋው ላይኛ ክፍል ወደ ኋላ ሸሽቷል ማለት ነው፤ ስፔሶሩን በቋሚው መንጋጋና በብረቱ መካከል፣ ከላይ በኩል አስገቢ። ብርሃኑ ማዕዘኑ ሥር ከታየ ከዘጠና በልጧል፤ ስፔሶሩ ከታች ይግባ። ውፍረቱን ለመገመት በ60 ሚሊሜትር ላይ 0.06 ከሳተሽ፣ በ40 ሚሊሜትር የመንጋጋ ቁመት ላይ 0.04 ይበቃል። የሲጋራ ወረቀት ወደ 0.025 ሚሊሜትር ገደማ ነው፣ ለዚህ ሥራ ምቹ ነው። ይህ ግን ማስታገሻ ነው። ቁራጭ ወረቀት ለዘለዓለም ሞርሳ ውስጥ ተቀርቅሮ መኖር የለበትም።

ተንቀሳቃሹ መንጋጋ ከመጠን በላይ የሚነሳ ከሆነም ከሥሩ የሚይዘውን ሳህን እዪው። ብሎኑ ላልቶ ሊሆን ይችላል። ሳይጨናነቅ እስኪንሸራተት ድረስ ብቻ አጥብቂው።

አንድ ያልጠየቅሽኝን ልጨምር፤ ምዘና ላይ ሊያጋጥምሽ ይችላል። ትንሽ ቁራጭ በሞርሳው አንድ ጫፍ ብቻ ካሰርሽ፣ ተንቀሳቃሹ መንጋጋ ወደ ጎን ይጣመማል፣ ቁራጩም ይላላል። በሌላው ጫፍ እኩል ውፍረት ያለው ሌላ ቁራጭ አስገቢ። ከተቻለ ግን መሐል ላይ እሰሪ።

የቀሩት ሁለቱ ጫፎች ናቸው፣ 50 በ60 የሚሆኑት። ብረትሽ 100 ሚሊሜትር ብቻ ስለሆነ ቀጥ አድርገሽ ማቆም ትችያለሽ። አንደኛው ፊት ቋሚው መንጋጋ ላይ፣ ስኳድራው ከሞርሳው ወለል ላይ ቆሞ ሁለተኛውን ፊት እየነካ። በትንሹ አጥብቂ፣ ብርሃኑ እስኪጠፋ በመዶሻ ነካ ነካ አድርጊው፣ ከዚያ ሙሉ በሙሉ አጥብቂና ስኳድራውን መልሰሽ እዪ። ከፍ ብሎ ስለቆመ ቀጫጭን ጠረጋ ነው የሚስማማው። አምስተኛውን ከጨረስሽ ገልብጪና እሱን ፓራለል ላይ አሳርፈሽ ስድስተኛውን 100 ላይ አምጪ።

ብረቱ ረጅም ቢሆን ኖሮ አጋድመሽ ጫፉን ከመንጋጋው ጥቂት አውጥተሽ በኢንድ ሚል (በጫፉም በጎኑም የሚቆርጥ ክብ መቁረጫ) ጎን ትቆርጪው ነበር። ያኔ ቋሚው መንጋጋ ከጠረጴዛው ጉዞ ጋር እኩል መሄዱ የግድ ነው። ሞርሳውን ከጠረጴዛው ጋር ከሚያስሩት ብሎኖች አንዱን ጠበቅ፣ ሌላውን ላላ አድርጊ። ኢንዲኬተሩን በጠበቀው በኩል ዜሮ አድርጊ፣ ጠረጴዛውን ወደ ላላው ውሰጂ፣ እዚያ መትተሽ ወደ ዜሮ መልሺው። ሁለት ሦስት ጊዜ ከተመላለስሽ ከጫፍ እስከ ጫፍ 0.01 ውስጥ ይገባልሻል። ብሎኖቹን እያፈራረቅሽ አጥብቂና አንዴ ድጋሚ እዪው፤ ሲጠብቅ መንሸራተት ይወዳል።

ነገ ሌላ ጥሬ ቁራጭ አንሺና ሁለተኛው ፊት ላይ እስክትደርሺ ብቻ ሥሪ። ከዚያ ሦስት ነገር ጻፊልኝ፦ የሚንሸራተተው ፓራለል በየትኛው መንጋጋ በኩል እንደሆነ፣ ሞርሳው ሳይፈታ ኢንዲኬተሩ ከፊት ወደ ኋላ ያነበበውን፣ እና በስኳድራው ሥር የገባውን የፊለር ቅጠል ውፍረት። በሦስቱ ጥፋቱ ሞርሳው ይሁን፣ የማሽኑ ራስ ይሁን፣ አያያዙ ይሁን ለይቼ እነግርሻለሁ።